ጨፍጋጋ ከተማ ልትገቡ ነው? የቤት ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አሜሪካ፣ ሲያትል የገባሁት በሐምሌ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ገና አልመሸም፣ ሰማዩ ብራ ነው፣ ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ ሰው ይዋኛል፣ ሬይኒየር ተራራ በረዶውን እንደለበሰ ከሩቅ ይታያል። ከኤርፖርት የተቀበለኝ የአጎቴ ልጅ «ዝናብ ዝናብ የሚሉህ ሌላ ሰው እንዳይመጣባቸው ነው» ብሎ ሳቀ። አመንኩት። ነሐሴ ላይ በርካሽ ያገኘሁትን ቤዝመንት (ከመሬት በታች ያለ ቤት) ለአንድ ዓመት ፈረምኩ።

ኅዳር ላይ ጠዋት መነሳት አቃተኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኝቼ፣ ሌሊቱን ሲሸከም እንዳደረ ሰው ዝዬ ነው የምነቃው። ዳቦና ጣፋጭ ያምረኛል፣ ስልክ ማንሳት ያስጠላኛል፣ ቅዳሜ ቡና ሲጠሩኝ ሰበብ እፈጥራለሁ። ደም ያነሰኝ መስሎኝ ታኅሣሥ ላይ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሐኪሟ ገና ደም ሳታስቀዳኝ «የምትኖርበት ቤት መስኮት አለው?» አለችኝ።

ያን ዓመትና ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ነው ደረጃ በደረጃ የምጽፍላችሁ። ባጭሩ፣ ብርዱ አይደለም ሰውን የሚጥለው። ለብርድ ጃኬት ይገዛል። የሚጥለው የብርሃን እጦት ነው። ስለዚህ ከተማ ስትመርጡ፣ ሰፈር ስትመርጡ፣ ቤት ስትመርጡ፣ የሥራ ሰዓት ስትመርጡ ሁሉ «በጥር ስንት ሰዓት ብርሃን አገኛለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምሳሌዬ ሲያትል ነው፣ የማውቀው እሱን ነውና። ለንደን፣ ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ለምትሄዱም ስሌቱ ያው ነው።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር እንስማማ። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ደግሞ እዚህ የምንኖር ሰዎች የፈረንጁን ክረምት ዊንተር ነው የምንለው፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ፤ «ክረምት» ስል የአገር ቤቱን፣ የሐምሌና የነሐሴውን ማለቴ ነው።

1. አራቱን ነገሮች ለያዩ

ሰው «አየሩ አይመችም» ሲል አራት ነገር ቀላቅሎ ነው፤ ብርድ፣ ዝናብ፣ ደመና እና የቀን ማጠር። እነዚህ አብረው አይሄዱም። አንዱ ከተማ በአንዱ ይብሳል፣ በሌላው ይሻላል።

ብርዱን ካያችሁ ሲያትል የዋህ ነው። በጥር ቀን ላይ 8 ወይም 9 ዲግሪ፣ ሌሊት 3 ወይም 4። የደብረ ብርሃንን ውርጭ ያየ ሰው ይስቅበታል። ሚኒያፖሊስ በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 13 አካባቢ መውረድ የተለመደ ነው።

ዝናቡም እንደሚወራው አይደለም። ሲያትል በዓመት የሚወርድባት ውሃ 1000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ ከፍ ትላለች፣ ኒውዮርክም ትበልጣለች። ልዩነቱ አወራረዱ ላይ ነው። የእኛ የሐምሌ ዝናብ ዶፍ ነው። ይወርዳል፣ ጎርፉ ይሄዳል፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ፀሐይ ብቅ ትልና ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይሞቃታል። የሲያትሉ ግን ካፊያ ነው፤ ጃንጥላ ለመዘርጋት የሚያሳፍር፣ ግን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ የማይለቅ። «የአዲስ አበባን ክረምት የቻልኩ ይሄ ምን ያደርገኛል» የሚል ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሦስት ሳምንት ፀሐይ ሳያይ ሲቀር ነው የሚገባው።

ደመናው ነው ዋናው። ሲያትል ውስጥ በዓመት ከ200 በላይ ቀን ሰማዩ በደመና የተሸፈነ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ፀሐይ መታየት ከምትችልበት ሰዓት ውስጥ በትክክል የምትታየው ሩብ ያህሉን ብቻ ነው። ዋሽንግተን ዲሲና ሚኒያፖሊስ ግማሽ ገደማ ይደርሳሉ። ዴንቨር ከሦስት እጅ ሁለቱን ታገኛለች።

ቀኑ ደግሞ ከምድር ወገብ በራቃችሁ ቁጥር ያጥራል። በዓመቱ አጭር ቀን፣ ታኅሣሥ 12 አካባቢ፣ አዲስ አበባ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን አላት። ዲሲና ዴንቨር 9 ሰዓት ከሃያ ምናምን ደቂቃ፣ ሚኒያፖሊስ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ፣ ሲያትል 8 ሰዓት ከ25፣ ፍራንክፈርት 8 ሰዓት፣ ለንደን ትንሽ ከዚያ ያነሰ፣ ስቶክሆልም 6 ሰዓት። ሲያትል ላይ ፀሐይ የምትወጣው 2 ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ የምትጠልቀው 10 ሰዓት ከ20 ላይ። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ወጥታ 12 ሰዓት ላይ እንደምትገባ አስቦ የተሠራ ነው። እዚህ ጋ ሲደርስ ተበላሸ።

አራቱን ስትለያዩ ምርጫው ይቀየራል። አንድ ጓደኛዬ ከሚኒያፖሊስ ብርድ ሸሽቶ ነው ወደ እኛ የመጣው። በመጀመሪያው ጥር «ከፍሪጅ ወጥቼ ጓዳ ገባሁ» አለኝ። እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ግን ሰማዩ ብዙ ቀን ጥርት ይላል፣ መሬት ላይ ያለው በረዶም ብርሃኑን መልሶ ፊትህ ላይ ይረጨዋል። ዴንቨር በ1600 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። በረዶ ይጥላል፣ ፀሐይ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ ሳይሰነብት ይቀልጣል።

2. መጀመሪያ ራሳችሁን ፈትሹ

ሁሉም ሰው አንድ አይደለም። የአጎቴ ልጅ 15 ዓመት ኖሮ ደመናው ጉዳዩ አይደለም። እኔ በመጀመሪያው ኅዳር ወደቅኩ። እናንተ የትኛው እንደሆናችሁ የምታውቁበት መንገድ አለ፣ ወረቀት አውጡና በሐቀኝነት መልሱ።

አገር ቤት ሳላችሁ በነሐሴ ምን ትሆኑ ነበር? እንቅልፍ ይበዛባችሁ ነበር? መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲገለጥ ሰውነታችሁ ቅልል ይል ነበር? «አዎ» ካላችሁ ምልክት ነው። ያደጋችሁት ድሬዳዋ ነው ወይስ ጎሬ? ዝናብ የማይለቀው የኢሉባቦር ሰው ከድሬዳዋ ልጅ ይሻላል ብዬ በድፍረት ልናገር አልችልም፣ ቢያንስ ግን ደመና አያስደነግጠውም። ዓመታት ዱባይ ወይም ሪያድ ኖራችሁ ከሆነ ደግሞ የለመዳችሁት የፀሐይ ብዛት ሌላ ነው፣ ለውጡ ከባድ ይሆናል። ከዚህ በፊት በየትኛውም ወቅት ድባቴ ይዟችሁ ያውቃል? በቤተሰብስ አለ? ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል።

ችግሩ ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 ኖርማን ሮዘንታል የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ውስጥ ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ድባቴ ብለው ገልጸው ጻፉት። ምልክቶቹ እንቅልፍ መብዛት፣ ዳቦና ጣፋጭ ማማር፣ ክብደት መጨመር፣ ከሰው መሸሽ፣ ሥራ ማስጠላት ናቸው። ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ «ሰነፈ»፣ «ኮራ»፣ ሲብስም «ሰው ሠራበት» ይባላል። አይደለም። በየዓመቱ በጥቅምት መጥቶ በመጋቢት የሚሄድ ነገር ካለ ወቅቱን ጠርጥሩ።

3. ቁጥር ስታዩ ዓመታዊ አማካይ እንዳያታልላችሁ

የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር (NOAA) ለየከተማው እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለውን የ30 ዓመት አማካይ በነፃ ያወጣል። የዓመቱን ድምር ዝለሉት። የሲያትል ሐምሌና ነሐሴ ደረቅና ፀሐያማ ስለሆኑ የዓመቱን ቁጥር ያሳምሩታል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ብቻ አውጡና ሦስት ነገር ተመልከቱ፤ ፀሐይ የታየበት ሰዓት በመቶኛ፣ የዝናብ ቀናት ብዛት (የሚሊ ሜትሩ ሳይሆን የቀናቱ) እና የቀኑ ርዝመት። አሁን ያላችሁበትን ከተማ ከጎኑ አስቀምጡ። ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ ከምታውቁት ጋር ስታነጻጽሩት ነው የሚናገረው።

ቤት አሻሻጮች የሚወዱትን «በዓመት ይህን ያህል ፀሐያማ ቀን» የሚለውን ማስታወቂያ ግን ተዉት። ለአንድ ሰዓት ብቅ ያለችውንም እንደ ፀሐያማ ቀን የሚቆጥር አለ።

4. በሐምሌ አትጎብኙ

ከሁሉም ደረጃ አንድ ብቻ ተከተሉ ቢባል ይህን እመርጣለሁ። ሲያትልን በሐምሌ አይቶ የማይወድ የለም። ሚስት በፎቶው ብቻ እንደማግባት ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር አጋማሽ ባለው ጊዜ ኑ፣ ቢያንስ አሥር ቀን ቆዩ። ሦስት ቀን አይበቃም፤ ሦስት ቀን ደመና ማንም ይችላል፣ እንዲያውም ቡና ይዞ መስኮት ዳር መቀመጥ ደስ ይላል። ስምንተኛው ቀን ላይ ነው ሰውነታችሁ የሚናገረው።

ስትመጡ እንግዳ አትሁኑ። ሥራ እንደሚሄድ ሰው በጠዋት ተነሱ፣ በጨለማ አውቶቡስ ጠብቁ፣ በጨለማ ተመለሱ። ዘመድ መኪና ይዞ ከቤት ወደ ቤት ካንሸራሸራችሁ ያያችሁት የዘመድ ፍቅር ነው፣ ከተማውን አላያችሁም።

ለነባሩ ሰው የምትጠይቁትም ወሳኝ ነው። «አየሩ እንዴት ነው?» ካላችሁ መልሱ «ትለምዱታላችሁ» ነው፣ ሁላችንም የምንለው እሱን ነው። ይልቅ «ባለፈው ጥር ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ትሠራ ነበር?» በሉ። መልስ ያለው ሰው ኑሮውን አደራጅቷል። «ያው እተኛለሁ» ካለ የእሱን ቤት፣ የእሱን ሰፈርና የእሱን የሥራ ሰዓት አትቅዱ።

5. አንድ ከተማ አንድ ሰማይ የለውም

ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ መጀመሪያ የኦሎምፒክ ተራሮችን ይመታል፣ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ውሃውን እዚያው ያራግፋል። ከተራራው ጀርባ ያለው ቦታ የተረፈውን ነው የሚያገኘው። ስኩዊም የምትባል ትንሽ ከተማ በዚህ ምክንያት በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይዘንብባታል፣ ከሲያትል ግማሽ እንኳ አይሞላም። በተቃራኒው ወደ ምሥራቅ፣ ካስኬድ ተራሮች ሥር፣ ኖርዝ ቤንድ ስትደርሱ ዝናቡ 1500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ቤት ርካሽ ነው ብላችሁ ወደ ተራራው ስትጠጉ ደመናውንም አብራችሁ ትገዛላችሁ። ከሲያትል በስተሰሜን፣ ሊንዉድና ኤቨረት አካባቢ ደግሞ በተራሮቹ ዙሪያ የተከፈለው ነፋስ መልሶ ስለሚገናኝ፣ ደቡቡ ሲያባራ እዚያ ሲዘንብ ታያላችሁ።

የካስኬድ ተራሮችን በስኖኳልሚ ማለፊያ ተሻግራችሁ ወደ ያኪማ ስትወርዱ ሌላ ዓለም ነው። ዝናቡ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ሰማዩ ሰፊ። እዚያም ቢሆን በዊንተር ሸለቆው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ተኝቶ ጉም ለቀናት የሚቆይበት ጊዜ አለ፣ «ተሻገርኩ፣ ገላገለኝ» አይባልም። ደግሞ ሐቁን እንነጋገር፤ እዚያ የጽዋ ማኅበር የት ታገኛላችሁ? ዕቁቡ፣ ዕድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ እንጀራ የሚሸጠው ሱቅ ሬይኒየር አቬኑ ላይና ወደ ደቡብ ወደ ሬንተንና ኬንት ነው ያለው። ለፀሐይ ብላ ፊኒክስ የሄደች አንድ የማውቃት እህት በሁለተኛው ዓመት ተመለሰች። «ፀሐይዋ አለች፣ አብሮኝ የሚሞቃት የለም» አለች። ስለዚህ የብርሃኑን ቁጥር ስትይዙ በሌላው ዓምድ ላይ «በአሥራ አምስት ደቂቃ የምደርስባቸው ሰዎች» ብላችሁ ጻፉ።

6. ቤት ስታዩ ኮምፓስ ይዛችሁ ሂዱ

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ ከተማውን መቀየር ባትችሉ እንኳ ቤቱን ትችላላችሁ።

አዲስ አበባ ላይ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ሲያትል ላይ በዚያው ቀን 19 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ከጎረቤት ጣራ በላይ ብዙም አትሄድም። ይህ ምን ማለት ነው? 10 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ አዲስ አበባ ላይ ከ6 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ጥላ ሲጥል፣ ሲያትል ላይ 29 ሜትር ጥላ ይጥላል። ማለትም መንገዱን ተሻግሮ ሳሎናችሁ ድረስ ይመጣል። በነሐሴ ቤቱን ስታዩ ፀሐይ ላይ ናት፣ ሁሉም ክፍል ያበራል። ታኅሣሥ ላይ ያው ክፍል ጓዳ ነው።

ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ያለውን ኮምፓስ ክፈቱና ሳሎን መሐል ቁሙ። ትልቁ መስኮት ወደ ደቡብ ከሆነ ጥሩ። ደቡብ ምሥራቅ ለጠዋት ተነሺ ይሻላል። ወደ ሰሜን ብቻ የሚያይ ቤት በዊንተር አንድም ቀን ቀጥታ ፀሐይ አያገኝም። ከዚያ መስኮቱ ላይ ቆማችሁ ወደ ደቡብ እጃችሁን ዘርጉ። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ተዘርግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ዲግሪ ያህል ናቸው፤ ትንሿ ጣት አድማስ ላይ ስትሆን አውራ ጣታችሁ የደረሰበት ላይ ነው የታኅሣሥ ፀሐይ በቀትር የምትቆመው። እዚያ ቦታ ላይ ሕንፃ ወይም ጥድ ካለ ፀሐይ አይገባም። የዚህ አገር ጥድ ቅጠሉን አያራግፍም፣ «በዊንተር ይረግፍና ይገለጣል» ብላችሁ እንዳትጽናኑ።

ላይኛው ፎቅ ከታችኛው ይሻላል፣ ወደ ደቡብ ያዘነበለ የኮረብታ ጎን ከሸለቆ ይሻላል። ቤዝመንት የግድ ከሆነባችሁ ቢያንስ ሙሉ መስኮት ያለውን፣ በአንድ በኩል መሬቱ ዝቅ ያለውን ፈልጉ። እኔ የተከራየሁት ቤት መስኮት ነበረው፤ የሚያሳየው የአከራዩን የቆሻሻ ገንዳ ጎማ ነበር።

እርጥበቱን አትርሱ። እኛ ቤት ወጥ ረጅም ሰዓት ይንተከተካል፣ እንጀራ ሲወጣ አክንባሎው በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱ ጣራ ይመታል። መስኮት በተዘጋበት ዊንተር ያ ሁሉ ውሃ የት ይሄዳል? ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ። ከሶፋና ከቁም ሣጥን ጀርባ ሻጋታ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ቤት ስታዩ ቁም ሣጥኑን ከፍታችሁ አሽትቱ፣ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ እንዳለ እዩ፣ የምድጃውን ማራገቢያ አብርታችሁ ወረቀት ጠጋ አድርጉለት፤ ወረቀቱን ካልሳበው አይሠራም። ከገባችሁ በኋላ የቤቱ እርጥበት ከ50 በመቶ በላይ እንዳይሆን አድርጉ፤ መለኪያው ርካሽ ነው። ካለፈ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ግዙ፣ ምጣድ በተጣደ ቀን ደግሞ ብርድም ቢሆን መስኮት ገርበብ አድርጉ።

7. የሥራ ሰዓት ከደመወዝ ጋር ይታሰብ

ቀላል ሂሳብ ነው። ፀሐይ 2 ሰዓት ሊሞላ ሲል ወጥታ 10 ሰዓት ከ20 ላይ ከገባች፣ ከ2 እስከ 11 ሰዓት መስኮት የሌለው ቦታ የሚሠራ ሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ ብርሃን አያይም። በየዓመቱ ጥቅምት መጨረሻ ላይ የአገሩ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ በአንድ ሌሊት ማታው ይቀርባል፤ ትናንት 12 ሰዓት ሊሆን ሲል የመሸው ዛሬ 11 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል። ከሥራ ስትወጡ ጨለማ ሲቀበላችሁ አትደንግጡ፣ ቀኑን ቀድማችሁ እወቁት።

ብዙዎቻችን ፓርኪንግ፣ ታክሲ፣ ነርሲንግ ቤት የሌሊት ሺፍት እንሠራለን። የሌሊት ክፍያው ጥሩ ነው፣ ግን ጠዋት ገብቶ እስከ 10 ሰዓት የተኛ ሰው በዊንተር ፀሐይን ጨርሶ አያገኛትም። ሺፍት መምረጥ የምትችሉ ከሆነ የሌሊቱን በሐምሌና በነሐሴ አካባቢ ውሰዱ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ግን የከሰዓቱን ጠይቁ፣ ጠዋቱ የእናንተ ይሁን። የቀን ሠራተኛ ከሆናችሁ የምሳ ሰዓታችሁን ጠብቁት። ሃያ ደቂቃ ውጭ መራመድ፣ ደመናም ቢሆን። የቤት መብራት ከ100 እስከ 300 ሉክስ ነው (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው)። ጨፍጋጋ በምትሉት ቀን ቀትር ላይ ውጭ ያለው ብርሃን ሺዎች ይደርሳል። ዓይን «ጨለማ ነው» ቢልም ከተለመደው የቤት አምፖል ይበልጣል።

ለዚህ ኮፍያ ያለው ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ጫማ ይበቃል። ጃንጥላ እዚህ ብዙ ሰው አይዝም።

8. መብራቱ፣ ቫይታሚኑና ጾሙ

የመብራት ሣጥን የሚባለው፣ ለዚህ ድባቴ የሚሸጠው ደማቅ መብራት፣ እውነት ይሠራል፤ ትክክለኛውን ከገዛችሁ። 10,000 ሉክስ የሚል፣ ጎጂው ጨረር (UV) የተጣራ መሆኑ የተጻፈበት፣ ሰፋ ያለ ይሁን። እንደነቃችሁ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ከፊታችሁ 40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጡት። አፍጥጣችሁ አትዩት፤ ቁርስ ብሉ፣ ጸልዩ፣ ስልክ ነካኩ። ማታ አታብሩት፣ እንቅልፍ ይነሳል። ከጥቅምት ጀምሩ፣ ከወደቃችሁ በኋላ አይደለም። የባይፖላር ሕመም ያለበት፣ የዓይን ሬቲና ችግር ወይም ስኳር ዓይኑን የነካበት ሰው ግን መጀመሪያ ሐኪም ይጠይቅ።

ሣጥኑ ቫይታሚን ዲ አይሰጥም። እዚህ ኬክሮስ ላይ የዊንተር ፀሐይም ቆዳ ላይ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት አትበቃም፣ በመስታወት ውስጥ ከሆነ ደግሞ በየትኛውም ወቅት አይሆንም። የእኛ ጠቆር ያለ ቆዳ፣ ሰውነቱን ሸፍኖ የሚለብስ ሰው ደግሞ ይበልጥ፣ በሐምሌም ቢሆን ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። በዓመታዊ ምርመራችሁ ላይ የቫይታሚን ዲ መጠን እንዲታይ በስም ጠይቁ። ለአዋቂ የሚመከረው በቀን 600 ዩኒት ነው፣ ከ70 ዓመት በላይ 800፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ4000 አትለፉ።

አሁን ማንም ሐኪም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ እስከ ገና ይቆያል። ልክ ጨለማው በጠናበት ጊዜ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቫይታሚን ዲ የሚጨመረው በብዛት ወተት ላይ ነው፣ ከምግብ ደግሞ እንቁላል አስኳልና ዓሣ ላይ ይገኛል። የሚጾም ሰው ወተቱንና እንቁላሉን፣ ብዙው ሰው ዓሣውንም፣ በአንድ ጊዜ ያቆማል። ጹሙ፣ ግን የምትገዙት የአኩሪ አተር ወይም የለውዝ ወተት ቫይታሚን ዲ የተጨመረበት መሆኑን ጀርባውን አንብቡ፣ ሁሉም አይጨመርበትም። እንክብሉም ቢሆን ዲ3 የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከበግ ፀጉር ቅባት ነው የሚሠራው፤ ኅሊናችሁ ካልፈቀደ «ቪጋን» የሚል የተጻፈበት አለ። እናቴ ይህን ስነግራት ጠርሙሱን ቀይራ ነው የተረጋጋችው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሐዘን፣ ከአልጋ አለመነሳት፣ መኖር የማስጠላት ስሜት ካለ መብራትና ቪታሚን አይበቃም። ሐኪም ጋ ሂዱ፣ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ቦታ ገንዘብ አትከፍሉበትም። አሜሪካ ውስጥ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሲመጣ በማንኛውም ሰዓት 988 ይደወላል።

9. አገር ቤት የምትሄዱበትን ወር ቀይሩ

የኛን ሰው ተመልከቱ። ዓመቱን ሙሉ ደመና ሥር ሠርቶ፣ ሐምሌ ላይ ሲያትል በስንት ጊዜዋ ፀሐይ ስታወጣ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ይሄዳል። አዲስ አበባ ሐምሌ ላይ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ። ስድስት ሳምንት ጭቃ ረግጦ መስከረም ላይ ሲመለስ እዚህ ሊጨፈግግ ነው። ሁለቱንም ፀሐይ አጣ! እኔ ሦስት ዓመት ይህን አድርጌያለሁ።

ጥር ላይ ሂዱ። አገር ቤት በጋ ነው፣ ቀኑ ብራ፣ ጥምቀት አለ፣ ጠዋት በር ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ መሞቅ አለ። ለገና ሰሞን ቲኬት ይወደዳል፣ ስለዚህ ከገና በኋላ ተነስታችሁ ለጥምቀት ድረሱ። ልጅ ያላችሁ የታኅሣሡን የትምህርት ዕረፍት ተጠቀሙ። ይህ ካልተቻለ ሎስ አንጀለስ ወይም ላስ ቬጋስ ያለ ዘመድ በጥር አራት ቀን ይጠየቃል፣ ሁለቱም ጋ ጥሩ ክትፎ አለ።

10. ውላችሁ በሐምሌ እንዳያልቅ

ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያው ውሌ ያለቀው በነሐሴ ነው። በነሐሴ ደግሞ ማንም ሰው ጥርን አያስታውስም፤ ሰማዩ ብራ ነው፣ ተራራው ወጥቷል («ተራራው ወጣ» ይላሉ እዚህ፣ እኛ ፀሐይ ወጣች እንደምንለው)፣ ስለዚህ ውሉን አደስኩ። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ።

አከራዩን የሰባት ወይም የስምንት ወር ውል ጠይቁት፣ ነሐሴ ላይ ከገባችሁ መጋቢት ላይ ያልቃል። በዊንተር ተከራይ ስለሚያንስ አንዳንዱ ኪራዩን ከፍ ያደርግባችኋል፣ ትንሽ ከሆነ ክፈሉት። ከኅዳር 1 ጀምራችሁ በየቀኑ ማታ በስልካችሁ ላይ አንድ ቁጥር ጻፉ፣ ከ1 እስከ 5፣ ዛሬ እንዴት ነበርኩ ብላችሁ። ሰበብ አትጻፉ፣ ቁጥር ብቻ። ቤት ለመግዛት ያሰባችሁ ሁለት ዊንተር ሳታሳልፉ አትግዙ። የካቲት መጨረሻ ላይ ቀኑ ረዝሞ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ሲመሽ፣ ሐምሌ ሳይመጣና ሳያስረሳችሁ፣ ቁጥሮቹን አውጥታችሁ ደምሩ። አብዛኛው 2 እና 1 ከሆነ መጀመሪያ ቤቱን ቀይሩ፣ ቀጥሎ ሺፍቱን። በሁለተኛው ዊንተር መብራቱም የደቡብ መስኮቱም ኖሮ ቁጥሩ ካልተነሳ ዴንቨር ወይም ዳላስ ያለውን ዘመዳችሁን ደውሉና «ባለፈው ጥር ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ትሠራ ነበር?» በሉት።